ኮከቡ የተዘቀዘቀበት ሰኞ

እኔ አፌ አያርፍም። ኮልፌ ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቄን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ደንበኛዬ ቀሚሱ ጠበበኝ ስትለኝ «ቀሚሱስ ያው ነው፣ አንቺ ነሽ የወፈርሽው» እላታለሁ። የታክሲ ረዳት በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሲጭንብኝ ከጦር ኃይሎች እስከ ኮልፌ ድረስ ስመክረው እመጣለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የዚች ልጅ ምላስ ከመርፌዋ ይፈጥናል» ትል ነበር። አሁን የማወራው ግን ዝም ስላልኩበት ቀን ነው። የሚያውቁኝን ይገርማቸዋል፤ እኔንም እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩ የባንዲራ ነገር ነው። የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ተብሎ ይከበራል። የድሮ በዓል አይደለም፣ ከሚሊኒየሙ ወዲህ የመጣ ነው። ዶሮ አይታረድበትም፣ ሥራም አይዘጋበትም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሰው ይሰለፋል፣ ሰንደቁ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይበተናል። ለእኛ ለሰፊዎች ግን ያቺ ሳምንት ሥራ አላት። የደበዘዘው ይቀየራል፣ የተቀደደው ይጠገናል፣ ትንንሹም በገመድ ተቀጣጥሎ በየአጥሩ ይንጠለጠላል።

ከሱቄ ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት እኔም የተማርኩበት ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው እዚያ ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩት እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ ከጎጃም የመጡ ቀጭን ጎረምሳ ነበሩ። በሩን ከመጠበቅ ሌላ ባንዲራውን ጠዋት መስቀልና ማታ ማውረድ የእሳቸው ድርሻ ሆነ። ፊሽካቸውን ሲነፉ ግቢው ብቻ ሳይሆን የውጪው መንገድም ቀጥ ይል ነበር። ከአስኮ በኩል በአህያ እንጨት ጭኖ የሚመጣው ሰውዬ ይቆማል፣ ከገበያ የምትመለሰው ሴት ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ትቆማለች፣ ኮፍያ ያደረገ ኮፍያውን ያወልቃል። የማትቆመው አህያዋ ብቻ ነበረች።

አንድ ጠዋት አርፍጄ ስሮጥ ፊሽካው ደረሰብኝና እንዳልሰማ ሆኜ ገባሁ። ጋሼ ሰቅለው፣ ገመዱን አስረው ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። ኩርኩም ጠብቄ አንገቴን ቀበርኩ። «ነገ ቀደም በይና አብረን እናወጣዋለን» አሉኝ። በማግስቱ የታጠፈውን ጨርቅ በሁለት እጄ አሸክመው ከቢሮ እስከ ባንዲራው እንጨት ድረስ አስኬዱኝ። ለራሴ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ፊሽካ ሰምቼ ተራምጄ አላውቅም። አሁን አሁን መንገደኛው ፊሽካ ቢነፋም ስልኩን እያየ ያልፋል፣ ታክሲውም ጡሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ግን መቀሴን አስቀምጬ ሱቄ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ።

ትርጉሙን መምህራችን በዜማ ነው ያስጠኑን፤ አረንጓዴው ልምላሜ፣ ቢጫው ተስፋ፣ ቀዩ መሥዋዕትነት። እናቴ ደግሞ «ምን ልምላሜ ትላላችሁ፣ የማርያም መቀነት ነው» ትል ነበር። ዝናብ ሲያባራ ሰማይ ላይ የሚወጣውን፣ ለኖኅ የተሰጠውን የቃል ኪዳን ምልክት ማለቷ ነው። አባቴ መሀሉ ላይ አንበሳ የነበረበትን ዘመን ያነሳ ነበር። እኔ በበኩሌ ልሙጡን አይቻለሁ፣ ባለ አርማውን አይቻለሁ፣ እንደገና ልሙጡን፣ ከዚያ ደግሞ ሰማያዊ ክብ ላይ ኮከብ ያረፈበትን። ሰማያዊው ሰላም ነው፣ ኮከቡ እኩልነትና አንድነት ነው ተባልን። በዚህ ጉዳይ ስንት ሰው ተኮራርፏል መሰላችሁ። አንዱ የኔ ልሙጡ ነው ይላል፣ ሌላው ሕጋዊው ባለ ኮከቡ ነው ይላል፤ የአንድ ዕድር ሰዎች በዚህ ተነካክተው ለቅሶ ቤት ጀርባ ሲሰጣጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ነገር ፍለጋዬ ተነስቶብኝ ጋሼን «ለእርስዎ የቱ ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ የተሰጠኝን ነው የምሰቅለው» አሉ። «የኔ ሥራ ሲወርድ መሬት እንዳይነካ ነው።» ይህንን ሥራ ሠላሳ ከምናምን ዓመት ሠሩት። መንግሥት ተቀየረ፣ አርማው ተቀየረ፣ ስንት ርዕሰ መምህር መጣና ሄደ፤ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ዘቅዝቀው ሰቅለው አያውቁም። አዲስ ባንዲራ ሲመጣ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከመሰቀሉ በፊት ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ፊትና ጀርባውን፣ ስፌቱን ሳይቀር፣ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ ያዩታል።

ባለፈው ዓመት ጡረታቸው ደረሰ። በዚያ ትምህርት ቤት መምህር ጡረታ ሲወጣ ተማሪዎቹ ከባንዲራው ሥር እስከ ትልቁ በር ግራና ቀኝ ይሰለፉና እያጨበጨቡ ይሸኙታል። ጋሼ ያንን ሰልፍ ስንት ጊዜ በር ከፍተው አሳልፈዋል። ዘበኛ ግን በመሀሉ አልፎ አያውቅም። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ፣ ልጅ እግር ናት ግን ሰው ታከብራለች፣ «ጋሼን እንደ መምህር ነው የምንሸኛቸው፣ ያውም በሰንደቅ ዓላማ ቀን» ብላ ወሰነች። ጋሼ ይህንን ሊነግሩኝ ሱቄ መጥተው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር የሚያወሩት። «ባለቤቴም ትመጣለች። ልጆቼም ፈቃድ ጠይቀዋል» አሉኝ። በሕይወታቸው ከሰው የጠበቁት ነገር ቢኖር ያቺ ጭብጨባ ብቻ እንደሆነች ገባኝ።

ለዚያ ቀን እኔ የምሰፋውን የአዲሱን ባንዲራ ጨርቅና ሁለቱን አርማ ሐሙስ ዕለት ራሳቸው አመጡልኝ። ሰንደቅ በሁለቱም በኩል ስለሚታይ አርማውም በሁለቱም በኩል ይሰፋል። እኔ ደግሞ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስና ነጠላ እጄ ላይ ነበረብኝ፤ ዓርብ መብራት ሄደና ሥራው ሁሉ ቅዳሜ ላይ ተደራረበ። በእግር የሚሠራውን የድሮ መኪናዬን ወደ በሩ አስጠግቼ ከነጠላው ወደ ባንዲራው፣ ከባንዲራው ወደ ነጠላው ስል ዋልኩ።

ነጠላ ጥልፉ በሁለቱ ጫፍ ነው። አንዱን ጫፍ ስትጨርሺ ጨርቁን ከሥር ወደ ላይ ትገለብጪና ሌላውን ጫፍ ወደ ራስሽ ትስቢያለሽ። ነጠላ ላይና ታች የለውም፣ እንዴት ብትይዢው ያው ነው። እጄ ይህንን ሲሠራ ነው የኖረው። ባንዲራው ግን ላይና ታች አለው። አንዱን አርማ በደንብ ሰፋሁት። ከዚያ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን መገልበጥ ሲገባኝ፣ እጄ እንደለመደው እንደ ነጠላ ከሥር ወደ ላይ ገለበጠው። ጨርቁ ትልቅ ስለነበር ጭኔ ላይ ተከምሯል፤ ከዓይኔ ሥር ያለው ቢጫው ነው። ዳር ዳሩን አረንጓዴና ቀይ ቢታየኝም ልቤ ሙሽራዋ ጋ ነበር። ኮከቡን ቀና አድርጌ ሰፋሁት፤ ቀና የሆነው ግን ለእኔ እንጂ ለባንዲራው አልነበረም። በከሰል ካውያ ተኮስኩት፣ አጠፍኩት፣ ጨረስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጡ። «እስቲ ምንጣፍ ካለሽ ዘርጋ እናድርገው» አሉ እንደ ልማዳቸው። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ሙሽራዋ እየደወለች ነው። «እንዴ ጋሼ፣ የእኔን እጅ አያምኑትም ማለት ነው?» አልኳቸው። ቀልድም አልነበረም፣ ቅር ብሎኝ ነው የተናገርኩት። ትንሽ ደነገጡ። «አንቺን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው» ብለው እንደታጠፈ በብብታቸው ይዘውት ሄዱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ሌላ ሰው ላይ ስተርተው ነው የኖርኩት፤ ያን ቀን በራሴ ደረሰ።

እሑድ ቤቴ የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው ነበር። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ። ግቡ ተባሉ፣ ገቡ፣ ትንሽ ቀመሱ። እኔ ያን ጊዜ ወሬዬ ደርቶ «ነገ የሚሰቀለው የእኔ እጅ ነው! ልጆች ሆነን የቆምንለትን ባንዲራ እኔ ሰፋሁት» እያልኩ ጉራዬን እነዛለሁ። ጋሼ ፈገግ ብለው ሲሰሙ ቆዩና መርቀውን ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። ልጆቹ ተሰልፈዋል። ከወረዳ የመጡት እንግዶች፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ወጣትና አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የጋሼ ባለቤትና ሁለት ልጆቻቸው ከእኔ ጎን ቆመዋል። ባለቤታቸው አዲስ ጫማ አድርገው ስለነበር አንዴ በዚህ እግር አንዴ በዚያ እግር ይቆማሉ። ጋሼ ካፖርታቸውን አሳጥበው፣ ጺማቸውን ተላጭተው መጡ። ፊሽካውን ነፉ። ሁላችንም ቀጥ አልን።

ባንዲራው ወጣ። ነፋስ ስላልነበረ እንደተኮማተረ እንጨቱ ጫፍ ደረሰ። መዝሙሩ እኩል ላይ ሲደርስ ከአስኮ በኩል ነፋስ መጣና ዘረጋው። ለእኛም ለእንግዶቹም የታየን ጀርባው ነው። አረንጓዴው ከላይ ነው፣ ቀዩ ከታች ነው፣ መሀሉ ላይ ግን ኮከቡ በጭንቅላቱ ቆሟል።

ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። የራሴን ስፌት አላጣውም። ከዚያ ሌላውም ማየት ጀመረ፤ አንዱ አንዱን በክርኑ ይነካል፣ ጣት ይቀሰራል፣ ከኋላ ሰልፍ ሳቅም ተሰማ። መዝሙሩ እንዳለቀ ወጣቱ እንግዳ ተነስቶ ምክትሏን «ይሄ ስሕተት ነው ወይስ መልእክት?» አላት። በዚህ ዘመን ጨርቅም መልእክት ሆኗል። ምክትሏ ጋሼን ጠራቻቸው። ቀና ብለው ኮከቡን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ሕዝቡ ውስጥ እኔን ፈለገ፣ አገኘኝም። አንድ አፍታ ነው። ወዲያው ዓይናቸውን መለሱና «በደንብ ሳላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

«ሆን ብለው ነው?» አላቸው ወጣቱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ እኮ ልጄ።»

ያን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት» ማለት ሦስት ቃል ነው። ለታክሲ ረዳት የማይታክተው አፌ ተሳሰረ። ሱቄ ትዘጋ ይሆን፣ ተጠርቼ እጠየቅ ይሆን፣ እነዚያ ትናንት ጉራዬን የሰሙ ሴቶች ምን ይሉኝ ይሆን፤ ይህንን ነው ያሰብኩት። ስለ ጋሼ አላሰብኩም። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የተነሳሁት፣ እውነቱ ይሄ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን እዚያው ቆሜ ነቀዘ። የጋሼ ባለቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እሱ እንዲህ አያደርግም» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን።

ምክትሏ ፊቷ ልውጥ ብሎ ባንዲራው ይውረድ አለች። ጋሼ አወረዱት፤ መሬት አላስነኩትም። የደበዘዘው አሮጌው መጥቶ በምትኩ ተሰቀለ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው «ተማሪዎች ወደየክፍላችሁ ግቡ፤ የሽኝቱን ፕሮግራም ሌላ ጊዜ እንነግራችኋለን» ተባለ። ልጆቹ በየሰልፋቸው ገቡ። ግቢው ባዶ ሆነ።

እግሬ የተፈታው ያኔ ነው። እንግዶቹ መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ሮጬ ደረስኩባቸው፤ ምክትሏም አብራቸው ነበረች። «የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ሰውዬው ምንም አላጠፉም» አልኩ። ወጣቱ እንዴት እንደሆነ አልገባውም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋሁና እጄ እንዴት እንደገለበጠ አሳየሁት፤ አንድ ጫፍ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ ሌላ ጫፍ። ትልቋ ሴትዮ ገና ሳልጨርስ ገባቸው። «እናቴ ጠላፊ ነበረች። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው» አሉና ወጣቱን «በል ያንን የጻፍከውን ሰርዘው» አሉት። ሰረዘው። ምን ነበር ያን ያህል የፈራሁት?

ምክትሏ ደስ ብሏት ልጆቹን መልሳ ልታሰልፍ ወደ ድምፅ ማጉያው ስትሄድ ጋሼ አስቆሟት። «ትምህርት ጀምረዋል፣ አታቋርጭባቸው» አሉ። ብትለምናቸውም እምቢ አሉ። የተዘጋጀላቸውን ጋቢና የምስክር ወረቀት ቢሮ ውስጥ ሰጠቻቸው።

የበሩ አጠገብ ካለችው የዘበኛ ክፍላቸው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ይቅርታ ልጠይቅ ገባሁ። መናገር ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ቅዳሜ ማታ ቤቴ ዘርግቼ አይቼዋለሁ» አሉኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።

«እሑድ ይዤልሽ መጥቼ ነበር፣ ጋቢዬ ሥር። ሴቶቹ እስኪሄዱ ብጠብቅ አልሄዱም። አንቺም ያን ያህል ደስ ብሎሻል። አሮጌውን ልስቀል ብል ደግሞ ለምን እባላለሁ፣ ማን ሰፋው እባላለሁ። ጥቅምት ላይ በዚያ ሰዓት ነፋሱ ከጦር ኃይሎች በኩል ነው የሚመጣው፤ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። የእንግዶቹን ወንበር የባንዲራው ደህናው ፊት ወደሚታይበት አስቀየርኩና ሰቀልኩት። ነፋሱ ከዳኝ።»

«ታዲያ ቢጠሩኝና ቢነግሩኝ ምን ነበረበት ጋሼ? ቅር ይለኛል ብለው ነው?»

ፎጣቸውንና ሬዲዮናቸውን ዘንቢል ውስጥ አስገቡ። አለቀስኩ። እሳቸው እኔ እንዳላፍር ብለው የሠላሳ ምናምን ዓመት ስማቸውን ለነፋስ ሰጡ፤ እኔ ለራሴ ስል ዝም ያልኩት ደግሞ ልጆቹ ክፍል ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ ነው። ከዚያ የረዘመ አልነበረም፤ ጭብጨባቸውን ለማስቀረት ግን በቃ።

ከባለቤታቸውና ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር ሆነን ወጣን። ትልቁን በር የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ ገና ሌላ ዘበኛ አልተቀጠረም ነበር። ከየክፍሉ ልጆቹ ተቀባብለው ሲያነቡ ይሰማል። እኔ እንኳ ላጨብጭብላቸው አስቤ ነበር፤ እጄን ማንሳት አፈርኩ።